የጤናን ማህበራዊ ምክንያት ማጥናት ለምትፈልጉ፦ ዩኒቨርስቲ፣ ኢንስቲትዩት፣ ኤንጂኦ ወይስ ውጪ ሀገር ፒኤችዲ?

አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣብኛል። ኤምፒኤች (የህብረተሰብ ጤና ማስተርስ) የጨረሱ ወይ ሊጨርሱ አንድ ሁለት ወር የቀራቸው ልጆች ናቸው የሚጠይቁኝ፣ "ድህነት፣ ትምህርት፣ ቤት፣ ውሃ፣ መንገድ ሰውን እንዴት እንደሚያሳምም ማጥናት ነው የምፈልገው፣ የት ልግባ?" ይሉኛል። በየግሉ ስመልስ ሁሌ ግማሹን ስለምረሳው አንዴ ቁጭ ብዬ በደንብ ልጻፈው አልኩ። ዩኒቨርስቲ አስተምሬያለሁ፣ ለኤንጂኦ በኮንትራት ሰርቻለሁ፣ ፒኤችዲዬን ግማሹን ውጪ ግማሹን እዚሁ ነው የሰራሁት። መንግስት ኢንስቲትዩት ውስጥ ተቀጥሬ አላውቅም፣ ግን አብሬያቸው ፊልድ ወጥቻለሁ፣ ስለዚህ ስለሱ የምለውን በዛው ልክ ውሰዱት።

መጀመሪያ ግን ይሄን ስራ ለምን እንደያዝኩ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ምርጫውን የምመዝንበት ሚዛን ከዛ ነው የመጣው። ለማስተርስ ቴሲስ ዳታ ስሰበስብ አንድ ደጋ ወረዳ ውስጥ ቤቷ የወለደች እናት ጋ ገባሁ። መጠይቁ ላይ ያለውን በሙሉ ጠየቅኳት። ጤና ጣቢያው በእግር ስንት ሰአት ነው፣ "አንድ ሰአት አይሞላም" አለች። የእርግዝና ክትትል ነበረሽ፣ ነበረኝ። ሬዲዮ አለሽ፣ አለኝ። ባልሽ ተቃውሞሽ ነበር፣ ኧረ እሱስ አልተቃወመኝም። ሞልቼ ጨርሼ ልነሳ ስል "ወንዙን አልጠየቅከኝም እኮ" አለችኝ። ምጥ የያዛት ሐምሌ ላይ ነው፣ የቅሬው (የእድሩ) ሰዎች ቃሬዛ ላይ አድርገው ይዘዋት ወጥተው ወንዙ ሞልቶ መሻገር አቃታቸውና ይዘዋት ተመለሱ፣ እዛው ቤቷ ወለደች። እኔ ዳታ ላይ ግን ይቺ ሴት "ጤና ተቋም ቅርብ፣ ክትትል ያላት፣ ቤቷ የወለደች" ነች፣ ሲተነተን ደግሞ "የግንዛቤ ችግር" ተብላ ነው የምትወጣው። ያን ቀን የተሰማኝ ነገር እስካሁን አልለቀቀኝም።

ሶሻል ዲተርሚናንትስ የሚባለው ይሄው ነው። የአለም ጤና ድርጅት በ2005 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው አመቶችም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በሰር ማይክል ማርሞት ሰብሳቢነት ያቋቋመው ኮሚሽን በ2008 ሪፖርቱን ሲያወጣ ሰው የሚወለድበት፣ የሚያድግበት፣ የሚኖርበት፣ የሚሰራበትና የሚያረጅበት ሁኔታ ነው ብሎ ነው የገለጸው። እኛ ጋ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፣ የ2016ቱን የስነ ህዝብና ጤና ዳሰሳ (ኢዲኤችኤስ) ብትከፍቱ ጤና ተቋም ውስጥ የወለዱ እናቶች ከተማ ላይ 79 ከመቶ፣ ገጠር ላይ 20 ከመቶ ናቸው። በአንድ ሀገር፣ በአንድ አመት! ይሄን ልዩነት ሀኪም ብቻውን አያጠበውም፣ መንገዱም ገንዘቡም ትምህርቱም ወንዙም ውስጡ አለ።

ስለዚህ አራቱን አማራጮች ሳወዳድር ደሞዝ መጀመሪያ አይደለም የማየው (ደሞዝም እመጣበታለሁ፣ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ደሞዝ አትይ አይባልም)። የማያቸው ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛ የምርምር ጥያቄውን የሚያወጣው ማነው፣ እኔ ነኝ ወይስ ሌላ ሰው? ሁለተኛ እነዛው ሰዎች ጋ ተመልሼ መሄድ እችላለሁ ወይ? ወንዙ በአንድ ጊዜ ጉብኝት አይታይም፣ እሷም የነገረችኝ ልነሳ ስል ነው።

ዩኒቨርስቲ

ለዚህ ሙያ ከሁሉም በላይ የማደላው ለዚህ ነው፣ ግን ሁሉም ዩኒቨርስቲ አይደለም፣ ለብዙ አመት የሚከታተለው የጥናት ቦታ ያለው ዩኒቨርስቲ ማለቴ ነው። የጤናና ስነ ህዝብ ክትትል ጣቢያ (ኤችዲኤስኤስ) የሚባሉትን ማለት ነው። ቡታጅራ ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ጀምሮ በአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲና በስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርስቲ ትብብር የተጀመረ ነው፣ ዳባት ከ1996 ጀምሮ የጎንደር ነው፣ ግልገል ጊቤ ከ2005 የጅማ፣ ቀርሳ ከ2007 የሀረማያ፣ ከዛ አርባ ምንጭና ክልተ አውላዕሎ በ2009 መጡ። እነዚህ ቦታ ላይ ዳታ ሰብሳቢዎች በየጊዜው ቤት ለቤት እየዞሩ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን ገባ፣ ማን ለቀቀ ብለው ይመዘግባሉ፣ ሰው ሲሞት ደግሞ ቤተሰቡን ቃለ መጠይቅ አድርገው በምን እንደሞተ ለማወቅ ይሞክራሉ። አብዛኛው ሰው ቤቱ በሚሞትበት ሀገር ይሄ ዳታ ወርቅ ነው።

ጥቅሙ ምን እንደሆነ የሚገባችሁ የእንግሊዙን የዋይትሆል ጥናት ስታስቡ ነው። በ1967 ተጀምሮ ከ17 ሺህ በላይ ለንደን ውስጥ የሚሰሩ ወንድ የመንግስት ሰራተኞችን ተከታተሉ፣ ሁሉም ስራ አላቸው፣ ሁሉም ነጻ ህክምና አላቸው፣ ሆኖም ታች እርከን ላይ ያሉት ላይኛው እርከን ላይ ካሉት ሶስት እጥፍ ገደማ ይሞቱ ነበር። ደሀና ሀብታም ብቻ ሳይሆን በየደረጃው ልዩነት አለ የሚለው ሀሳብ ከዛ ነው ስር የያዘው። ይሄ በአንድ ወር ዳታ መሰብሰብ የሚገኝ ነገር አይደለም፣ አመታት መጠበቅ ያስፈልጋል፣ ለመጠበቅ ደግሞ የማይፈርስ ተቋም ያስፈልጋል። ተቋም እንኳን ኖሮ ጦርነት ሲመጣ ይቆማል፣ የክልተ አውላዕሎ ስራ በትግራዩ ጦርነት ምን እንደሆነ የምናውቅ እናውቃለን፣ ያ የተቋረጠ አመት ተመልሶ አይሞላም።

አሁን ወደ ጉዳቱ። የማስተማር ጫናው ከባድ ነው፣ ሴሚስተር ላይ አራት አምስት የማስተርስ ተማሪ እያማከራችሁ፣ ፈተና እያረማችሁ፣ ለፊልድ የሚተርፈው ክረምት ነው፣ ክረምት ደግሞ መንገዱ ጭቃ ነው። ሪሰርች ግራንት ጸድቆም ብሩ እስኪለቀቅ ፋይናንስ ቢሮ በር ላይ የምትቆሙት ጊዜ ቀላል አይደለም። እኔ አንዴ ምርት ሳይደርስ መሰብሰብ የነበረብኝን የምግብ ዋስትና ዳታ ብሩ ዘግይቶ አዝመራው ከገባ በኋላ ነው የሰበሰብኩት፣ ረሀቡ ካለፈ በኋላ ስለ ረሀብ መጠየቅ ማለት ነው። ያን ጥናት አላሳተምኩትም።

ሌላው የምናውቀው ነገር አለ። ርእሱ "የእንትን ስርጭትና ተያያዥ ምክንያቶች በእንትን ከተማ"፣ ዲዛይኑ ክሮስ ሴክሽናል (አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቆ መመለስ)፣ ናሙናው 422። ለምን 422? ስርጭቱ 50 ከመቶ ነው ብለህ የናሙና ማስያ ፎርሙላው ውስጥ ስትከተው 384 ይወጣል፣ መልስ ላልሰጡ 10 ከመቶ ስትጨምር 422 ወይ 423 ይሆናል፣ እዛው ላይ ነው ሁላችንም የምናርፈው። ለመማሪያ ምንም አይልም፣ ችግሩ ለደረጃ እድገት የሚቆጠረው የፔፐር ብዛት ስለሆነ ሰው ከተመረቀ ከአስር አመት በኋላም እዛው 422 ላይ መቅረቱ ነው። ዩኒቨርስቲ ከገባችሁ ይሄን ከመጀመሪያው ቀን እምቢ በሉት፣ ክትትል ጣቢያው ካለ የጣቢያውን ዳታ ጠይቁ፣ ከሌለ የኢዲኤችኤስን የ2000፣ 2005፣ 2011ና 2016 ዙሮች አቀናጅታችሁ ልዩነቱ እየጠበበ ነው እየሰፋ የሚለውን ስሩ። ከአንድ ከተማ 422 ሰው በላይ ይናገራል።

ለጆርናል ክፍያ ከኪሳችሁ አትክፈሉ። ኢትዮጵያ ብዙዎቹ ትልልቅ አሳታሚዎች ክፍያ ከሚያነሱላቸው ሀገሮች ውስጥ ናት፣ ስታስገቡ ዌቨር መጠየቅ ነው። ሂናሪ በሚባለው የአለም ጤና ድርጅት ፕሮግራም በኩል ደግሞ ዩኒቨርስቲው ከተመዘገበ የተዘጉ ጆርናሎችን በነጻ ማንበብ ይቻላል። በሳምንት ውስጥ አጽድቄ አወጣልሃለሁ የሚል ኢሜይል ከመጣ ሰርዙት፣ አንድ ጓደኛዬ የሶስት አመት ስራውን እንደዛ አይነት ቦታ አውጥቶ በኋላ ለእድገት ሳይቆጠርለት ቀርቷል፣ ሲያወራው እስካሁን ድምጹ ይለወጣል።

መንግስት ኢንስቲትዩት

እዚህ ዋናው የኢትዮጵያ የህብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት (ኢፒኤችአይ) ነው፣ በተጨማሪ ከ1970 አካባቢ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው አርማወር ሀንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት አለ፣ እሱ ግን ላብራቶሪና ክሊኒካል ትራያል (የህክምና ሙከራ) ላይ ያደላል፣ በስጋ ደዌ የተጀመረ ስለሆነ ማህበራዊ ጥያቄ ጭራሽ የለውም ባይባልም። ኢፒኤችአይ ትልቅ ሀገራዊ ዳሰሳ የሚሰራ ቤት ነው፣ የ2015ቱን ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች ዳሰሳና የ2019ኙን ሚኒ (አጠር ያለውን) ኢዲኤችኤስ አስቡ። በዚያው ሚኒ ዳሰሳ ጤና ተቋም መውለድ በሀገር ደረጃ በ2016 ከነበረበት 26 ወደ 48 ከመቶ መድረሱ ታየ፣ ይሄ ቁጥር ሚኒስቴሩ ጠረጴዛ ላይ በቀጥታ ነው የሚያርፈው። ዩኒቨርስቲ ውስጥ አስር አመት ጽፋችሁ የማታገኙትን ጆሮ እዚህ በአንድ ሪፖርት ልታገኙ ትችላላችሁ።

ጥያቄውን ግን እናንተ አታወጡም። መጠይቁ ውስጥ አንድ ጥያቄ ለማስገባት ስብሰባ አለው፣ የሀገር አቀፍ ዳሰሳ መጠይቅ ረጅም ስለሆነ ሁሉም የራሱን ፕሮግራም ጥያቄ ለማስገባት ይታገላል፣ የወንዙ ጥያቄ ቦታ ላያገኝ ይችላል። ወረርሽኝ ሲነሳ ደግሞ ኢንስቲትዩቱ የድንገተኛ አደጋ ምላሽም ስለሚሰራ ሁሉም ሰው ወደዛ ይዞራል፣ በ2020 ኮቪድ ሲመጣ የቆየ ጥናታቸውን አቁመው ኮል ሴንተርና ኮንታክት ትሬሲንግ (ከታመመ ሰው ጋር የተገናኙትን መፈለግ) የገቡ አውቃለሁ፣ መሆንም የነበረበት ነው። ፊልድ ኢፒዲሚዮሎጂ (በሽታ እንዴት እንደሚሰራጭ ቦታው ላይ ወጥቶ ማጥናት) ለሚወድ ከ2009 ጀምሮ ያለው የሁለት አመት ስልጠና (ኤፍኢቲፒ) ጥሩ መግቢያ ነው፣ አብዛኛው ጊዜ ፊልድ ላይ ነው፣ ወረርሽኝ ስታጣሩ ደግሞ ድህነትን ሳታዩት አታልፉም፣ ኮሌራ የት ሰፈር እንደሚጀምር ሁላችንም እናውቃለን።

ኤንጂኦና ኮንሰልታንሲ

ደሞዙ ከመንግስት ብዙ እጥፍ ነው፣ እዚህ ላይ መሸፋፈን አያስፈልግም፣ የቤት ኪራይ አዲስ አበባ ላይ እንደዚህ በሆነበት ጊዜ ወደዛ የሄደውን ሰው ማንም ሊወቅሰው አይገባም። የምትማሩትም ብዙ ነው፤ በጊዜ ማስረከብ፣ በጀት መጻፍ፣ በታብሌት ዳታ መሰብሰብ፣ ኮቦ በሚባለው የዳታ መሰብሰቢያ ሶፍትዌር ላይ መጠይቅ መስራት፣ እንግሊዝኛ ሪፖርት በሁለት ሳምንት ማውጣት። እኔ ዛሬ የፊልድ ስራ የምመራበትን መንገድ የተማርኩት ዩኒቨርስቲ አይደለም፣ እዛ ነው።

ግን ቲኦአሩ (የስራው ዝርዝር መመሪያ) ላይ ጥያቄው ተጽፎ አልቆ ነው የሚሰጣችሁ። ቤዝላይን (የፕሮጀክቱ መነሻ ዳሰሳ) ትሰራላችሁ፣ ከሶስት አመት በኋላ ኢንድላይኑን (የመጨረሻውን ዳሰሳ) ሌላ ድርጅት ያሸንፈዋል፣ ሰዎቹን ዳግም አታገኟቸውም። ዳታው የዶነሩ ነው፣ ፔፐር ልጻፍበት ብትሉ ፈቃድ የሚሰጥ ሰው አታገኙም። አንድ ጊዜ ሪፖርቴ ላይ "ተጠቃሚዎቹ ላትሪን ያልቆፈሩት መሬቱ የራሳቸው ስላልሆነ ነው" ብዬ ጽፌ በመጨረሻው ኮፒ "የአመለካከት ክፍተት" ሆኖ ወጣ። ሰው የራሱ ባልሆነ መሬት ላይ ላትሪን አይቆፍርም፣ ይሄ አመለካከት አይደለም።

እና ስራው ዘላቂ አይደለም። በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ እርዳታ ሲቆም በሀገራችን ጤና ዘርፍ በሺዎች የሚቆጠር ሰው በአጭር ማስታወቂያ ስራ አጣ፣ ዩኤስኤይድ ራሱ በዛው አመት ተዘጋ፣ የኢዲኤችኤስ አይነት ዳሰሳ በብዙ ሀገር ይደግፍ የነበረው ፕሮግራምም አብሮ ቆመ። ስለዚህ ኤንጂኦ የምትገቡ ከሆነ ሁለት ወይ ሶስት አመት ብላችሁ ግቡ፣ ገንዘብ አስቀምጡ፣ እጃችሁን አፍታቱ፣ የዩኒቨርስቲውን በር ግን ሙሉ በሙሉ አትዝጉት።

ውጪ ሀገር ፒኤችዲ

ሁሉም የሚመኘው ይሄን ስለሆነ አጭር አደርገዋለሁ። ሙሉ በሙሉ ውጪ ከሚሆነው ይልቅ ሳንድዊች የሚባለውን እመርጣለሁ፣ ኮርሱን እዛ ወስዶ ዳታውን እዚህ መስራት ማለት ነው፤ ጅማ ከሙኒክ ጋር፣ ቡታጅራ በኩል ከኡሜዮ ጋር እንደነበሩት አይነት ትብብሮች ማለቴ ነው። ጥቅሙ ሱፐርቫይዘራችሁ ሁለት ስለሚሆን አንዱ ሀገሩን ያውቃል፣ አንዱ ሜተዱን። ጉዳቱ ደግሞ ልጅ ላለው ሰው መመላለሱ ያደክማል፣ የእኔ ልጅ አንድ አመት ሙሉ በስልክ ነው ያወቀችኝ፣ ይሄን ሳታስቡ አትፈርሙ፣ በተለይ እናት ለሆናችሁ እህቶቼ ዩኒቨርስቲው ለቤተሰብ ምን ይሰጣል ብላችሁ መጀመሪያ ጠይቁ፣ መጠየቅ አያሳፍርም።

ሙሉ ውጪ ከሄዳችሁ ደግሞ የዛ ሀገር ዳታ ላይ ትሰራላችሁ፣ ወይ የኢዲኤችኤስን ከርቀት ትተነትናላችሁ። ሜተድ በጣም ትማራላችሁ፣ ሰው ግን አታገኙም። እዛው የምትቀሩ ከሆነ ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ወይ ሌላ ቦታ ያለውን የኛን ሰው ጤና ማጥናት ራሱን የቻለ ትልቅ ስራ ነው፣ ሌሊት ፓርኪንግ የሚሰሩ አባቶች ደም ግፊት ላይ የሚጽፍ ሰው ያስፈልጋል።

ታዲያ ማን የቱን ይምረጥ

አሁን ተመርቃችሁ ከወጣችሁና የምትረዱት ቤተሰብ ካለ ኤንጂኦ ለሁለት አመት፣ ከዛ ዩኒቨርስቲ። የምትረዱት ሰው ከሌለና ትእግስት ካላችሁ በቀጥታ ክትትል ጣቢያ ያለው ዩኒቨርስቲ፣ ከተማው ሩቅም ቢሆን። ፖሊሲ ላይ ቶሎ ተጽእኖ ማድረግ የሚያንገበግባችሁ ኢንስቲትዩት። ፒኤችዲ መጀመሪያ አይሁን፣ ቢያንስ ሁለት ክረምት ፊልድ ካሳለፋችሁ በኋላ ይሁን፣ የራሳችሁ ጥያቄ ሳይኖራችሁ ከሄዳችሁ የፕሮፌሰሩን ጥያቄ ይዛችሁ ነው የምትመለሱት።

የመጀመሪያ ዲግሪያችሁ ሶሲዮሎጂ ወይ ኢኮኖሚክስ ከሆነ አትፍሩ፣ ኤምፒኤች የሚያስገባችሁ ቦታ ቢጠብባችሁም በስነ ህዝብ ወይ በአንትሮፖሎጂ በኩል መግባት ይቻላል። ያንግ ላይቭስ የሚባለው ጥናት ከ2002 ጀምሮ 3 ሺህ ኢትዮጵያውያን ልጆችን በ20 ቦታዎች ሲከታተል የጤና ሰዎች ብቻ አልነበሩም የሰሩት፣ ዳታውም ለሚጠይቅ ሰው በነጻ ይሰጣል። ከጤና የመጣችሁ ደግሞ ስታታና ኤስፒኤስኤስ (የስታቲስቲክስ ሶፍትዌሮቹ) ላይ ብቻ አትቅሩ፣ ቁጭ ብሎ ማውራት ተማሩ። ዝሆኔ (ፖዶኮኒዮሲስ) የሚባለውን የእግር እብጠት አስቡት፣ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ከመሄድ ነው የሚመጣው፣ ጫማ ይከላከለዋል፣ ቁጥሩን በሰርቬይ ማወቅ ይቻላል፣ ግን ሰው ጫማ ገዝቶ ለምን ለገበያና ለቤተክርስቲያን ብቻ እንደሚያደርገውና እርሻ ላይ ለምን እንደሚያወልቀው፣ የታመመ ሰው ያለበት ቤት ልጅ ለምን ለትዳር እንደማይፈለግ የሚነግራችሁ ሰውየው ራሱ ነው። ቀበሌ ስትገቡ ደግሞ መጀመሪያ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቹ ጋ ሂዱ፣ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው ያሉት እነሱ ናቸው፣ የትኛው ቤት ለምን እንደማይከፍት ያውቃሉ፣ ስማቸውንም ፔፐሩ ምስጋና ላይ አስገቡ።

የትም ብትገቡ ከመፈረማችሁ በፊት እዛ ቦታ ሰርቶ የለቀቀ ሰው ፈልጉና ሶስት ነገር ጠይቁት፦ ዳታው ስትለቁ የማን ሆኖ ይቀራል፣ ባለፈው አመት ስንት ቀን ፊልድ ወጣህ፣ ሪፖርትህ ላይ አለቃህ የቀየረው ነገር አለ ወይ። እኔ መጠይቅ ሳዘጋጅ መጨረሻው ላይ "ሳልጠይቅዎ የቀረሁት ነገር አለ?" የሚል ባዶ መስመር አስገባለሁ፣ ስታቲስቲሺያኑ ኮድ ለማድረግ ይቸገራል፣ ዳታ ሰብሳቢዎቹም ጊዜ ይወስዳል ብለው ያጉረመርማሉ፣ እስካሁን ግን አላወጣሁትም።